አባባ ጎማ ያጣመደበት ክረምት

ባለፈው ሳምንት የልጄ ልጅ ያሲን ከሐኪም ቤት ወደ ቤት ሲመልሰኝ መንገድ ላይ ሐሳቡን ቀየረና፣ «እምዬ፣ እግረ መንገዳችንን ጎማ አስቀይሬ እንሂድ፤ ጥቂት ነው የምንቆየው» አለኝ። ጥቂት ያለው ግማሽ ቀን ሆነ። እኔ ግን አልከፋኝም። ቆቦ መውጫ ላይ ካለው ጎሚስታ ቤት ደጃፍ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ወንበር አወጡልኝና አላፊ አግዳሚውን ሳይ ዋልኩ። ባጃጁ ይተራመሳል፤ የሚኒባሱ ረዳት «ዋጃ፣ አላማጣ» እያለ ይጣራል፤ ከጎብዬ ገበያ የሚመለስ ሰው ዶሮውን ዘቅዝቆ ይዞ ያልፋል። ቤት ብቀመጥ ይኼን ማን ያሳየኛል?

ጎሚስታው አንዱን ጎማ እያንከባለለ ያመጣና «ይኼ ለአስፋልት ነው» ይላል። ሌላውን ያመጣና «ይኼ ለኮረኮንቹም ይሆንሃል» ይላል። ያሲን ደግሞ ስልኩን አውጥቶ በጎማው ጎን የተጻፈውን ቁጥር ያመሳክራል፤ ጓደኛው ጋ ይደውላል፤ ደግሞ መልሶ ያመሳክራል። ሚስት ሲመርጥ እንኳ እንዲህ አልተጨነቀም። በመጨረሻ ግራ ሲገባው ወደ እኔ ዞረና፣

«እምዬ፣ አንቺስ የትኛውን ትመርጪልኛለሽ?» አለኝ፤ ሊያጫውተኝ ነው።

«እኔ ምን አውቄ፤ ብቻ ሁለት ከሆነ የምትገዛው ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋቸው። አንዱን አዲስ ካንድ አሮጌ ጋር እንዳታጣምድ» አልኩት።

ጎሚስታው ከተጎነበሰበት ቀና አለ። «እማማ፣ ሹፌር ነበሩ እንዴ?»

ሹፌርስ አልነበርኩም። መሪ ነክቼ አላውቅም፤ ትምህርት ቤትም አልገባሁ። ፊደሏንም ለቃቅሜ የያዝኳት ልጆቼ ሲያጠኑ ከጎናቸው ሆኜ ጥጥ ስፈትል ነው። የጎማን ነገር ግን ያወቅሁት አንድ ክረምት አባባ አስተምሮኝ ነው፤ እሱም ሊያስተምረኝ ብሎ ሳይሆን ተሳስቶ። ፀሐይ የመታው ጎማ የሚሸተውን ሽታ ታውቁት የለ? እሱ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ ዓይኔ እያየ ከዚያ ወንበር ተነሥቼ ወደ ልጅነቴ ሄድኩ።

የእኛ ቤት መኪና አሮጌ ላንድሮቨር ነበረች። አባባ ገበሬ ነው፤ በኋላ እህል መነገድ ጀመረና መንገድ ሲሠሩ ከነበሩ ሰዎች ላይ ገዛት። ቀለሟ አመድማ ስለነበር «ዳልቻ» አልናት። የበሬ ስም ነው፤ ታዲያ ሌላ ምን ስም እናውቅ ነበር? እሷም ብትሆን የእኛ ብቻ አልነበረችም። ሙሽራ የሚያመጣ ይጠራታል፣ በሽተኛ ያለው ይጠራታል፤ የማሽላው ጆንያ፣ ፍየሉ፣ ለቅሶ ደራሹ፣ ሁሉም እላይዋ ላይ ነው። የሚነዳት የአባባ ታናሽ ወንድም አጎቴ ሰይድ ነበር። አጎቴ ሰይድ ቀልደኛ ነው፤ መሪ ሲይዝ ግን እንደ ሶላት ነው የሚያደርገው፤ ማንንም አያናግርም።

ታላቅ እኅቴ አሚናት ያን ጊዜ ባል አግብታ ከጎሊና ወንዝ ማዶ፣ ዞብል ተራራ ግርጌ ነበር ያለችው። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። በእኛ አገር የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው። ወሯ ሲገባ ቤተሰብ ሄዶ ያመጣታል፤ እናቷ ገንፎዋን እያገነፋች፣ ቅቤዋን እየቀባች አርሳ ትመልሳታለች። ይኼ ለሁሉም ያው ነው፤ ለእማ ግን ከዚያም ይበልጥ ነበር። እማ የመጀመሪያዋን የወለደችው ወንዝ ሞልቶባት በባሏ ዘመዶች ቤት ነበር፤ ልጁም አርባ ቀን አልሞላለትም። ስለዚያ ነገር ደፍሮ የሚያነሣ አልነበረም። እሷም አታወራውም። ነገር ግን የአሚናት እርግዝና ከተሰማ ወዲህ እጇ ሥራ አልፈታም፤ ከደጋ የመጣ ገብስ ታስፈጫለች፣ ቅቤ ታነጥራለች፣ ከቤታችን ጓዳ ጥጉን ለቅልቃ መደብ ሠርታላታለች። መደቡን በየቀኑ በእጇ ትዳብሰዋለች።

ታዲያ ሐምሌ አልፎ ነሐሴ ሲገባ እማ ወጥታ የዳልቻን ጎማ አየች። እንደ መላጣ ራስ ልሙጥ ሆኗል። በበጋ ግድ የለም፤ በክረምት ግን የሜዳው ጥቁር አፈር እግር ሲይዝ አይለቅም፣ የጎሊናም አሸዋ እንዲሁ ነው። እማ ለአባባ እንዲህ አለችው፦ «በዚህ ጎማ ልጄን አታምጣብኝ። ጎማ ግዛና አምጣት። ጎርፍ ሳይዘጋን።»

አባባ፣ አጎቴ ሰይድና እኔ ከተማ ወርደን አንድ ጎማ ሻጭ ጋ ሄድን። እኔን የወሰዱኝ ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቀውም፤ ምናልባት ቤት ሆኜ እማን ስለምነዘንዛት ይሆናል። ሻጩ የዳልቻ ልክ የሆነ ሁለት ጎማ ብቻ ነበረው። ሌላው ከአሰብ የሚመጣው ክረምቱ ሲወጣ ነው አለን። አሚናት ደግሞ ክረምት ወጣ አልወጣ ብላ የምትጠብቅ አልነበረችም።

አባባ ጎማ አመራረጥ አያውቅም፤ በሬ አመራረጥ ግን ራያ ሙሉ ይመሰክርለታል። ስለዚህ ጎማውን እንደ በሬ መረጠው። መጀመሪያ ዙሪያውን ዞሮ አየው። ትከሻውን ተጫነው። በከዘራው መታ አደረገና ድምፁን አዳመጠ። ጎንበስ ብሎ አሸተተው። ቀጥሎ ጣቱን በጎማው ጥርስ መካከል እያስገባ ለካ።

ሻጩ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት፣ «አያ ሐሰን፣ ጎማ ነው እኮ፤ አያርስልህ» አለው።

«የሚሄድ ነገር ሁሉ እግሩ ይታያል» አለ አባባ፤ አልሳቀም። ቀጥሎም ጎማው ከማን እጅ እንደመጣ፣ በየት በኩል እንደመጣ፣ ፀሐይ ላይ ይሁን ጥላ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደቆየ ጠየቀ። ሻጩም በኋላ ቀልዱን ትቶ እንደ ደንቡ መመለስ ጀመረ። ሁለቱንም ወሰድናቸው።

ክርክሩ የመጣው ቤት ከደረስን በኋላ ነው። አጎቴ ሰይድ ሁለቱንም ከኋላ ላድርጋቸው አለ፤ የሚገፋው የኋላው ነው፣ አሸዋ የሚያወጣን እሱ ነው አለ። አባባ ግን ራሱን ነቀነቀ። እናንተ ያረሳችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሁለት ወይፈን አንድ ላይ አይጠመድም። ያልተገራ ካልተገራ ጋር ከጠመድክ አንዱ ወደዚህ አንዱ ወደዚያ ይስብና ሞፈሩን ይሰብሩታል። ወይፈንን የምታጣምደው ከነባር በሬ ጋር ነው። ነባሩ ፈሩን ይዞ ሲሄድ ወይፈኑም እያየ ይማራል። አባባ ይኼን ሁሉ ለአጎቴ አስረዳውና ከፊትም ከኋላም አንዳንድ አዲስ፣ አንዳንድ አሮጌ ይሁን አለ።

«ወንድም ጋሼ፣ ጎማ ምን ይማራል?» አለ አጎቴ።

«አንተ መንዳት ስትጀምር ታውቅ ነበር?» አለው አባባ።

እማም አባባን ደገፈችው። አዲስ ሙሽራ እንኳ ማጀት የምትገባው ከነባሯ ጋር ነው አለች። እኔም ልቤ ከአባባ ጋር ነበር፤ እውነት ይመስላል እኮ! አጎቴ ሰይድ አንገቱን ደፋ። ታላቅ ወንድም አባት ነው፤ ደግሞ እንጀራውንም ያገኘው ከአባባ እጅ ነው። ቡሎኑን እየፈታ፣ አዲሶቹን በቀኝ በኩል ከፊትና ከኋላ፣ አሮጌዎቹን በግራ በኩል አደረጋቸው። ሲጨርስ እጁን በአፈር እያሸ «እንግዲህ አርሱ» አላቸው ለጎማዎቹ።

በማግሥቱ ማለዳ ወጣን። ያ ሜዳ በነሐሴ እንዴት ያምር ነበር መሰላችሁ። ማሽላው ወገብ ደርሷል፤ ጤዛው ገና አልረገፈም፤ ልጃገረዶች የነሐሴውን በዓላቸውን ሶለልን ለመጨፈር ሹሩባቸውን ተሠርተው በየመንደሩ በር ላይ ቆመዋል። ከመንገድ ዳር በለስ የሚሸጡ ሴቶች እሾሁን በቅጠል እየጠረጉ ልጠው ይሰጡናል። አፌን በለስ ሞልቼ፣ ከኋላ ጭድ ላይ ተቀምጬ፣ በዓለም ላይ ከእኔ በላይ ባለጸጋ የለም ብዬ ነበር የምሄደው።

ዳልቻ ግን ወደ ግራ ትስባለች። አጎቴ ሰይድ መሪውን ወደ ቀኝ ይዞ፣ ትከሻውን አጋድሎ፣ ጥርሱን ነክሶ ነው የሚነዳው። አንድ ጊዜ ማሽላ ውስጥ ልትገባ ስትል አባባ ከጎኑ ሆኖ፣ «አይዞህ፣ ገና አዲስ ነው፤ ይለማመዳል» አለው። የአጎቴ አንገት ግን ከኋላ ሲቀላ አይቻለሁ።

ጎሊና ያን ቀን ጠዋት ደረቅ ነበር። ቀስ ብለን፣ ደንጊያ ደንጊያውን ይዘን አለፍነው። አሚናት ጋ ስንደርስ እግሯ አብጦ፣ ፊቷ ወዝቶ፣ ከበሩ ላይ ቆማ አገኘናት። አማቷ ደግ ሴት ነበረች፤ የግመል ወተት፣ የማሽላ ቂጣ በቅቤ አቀረበችልን። ቀጥላም አባባን ለብቻው ጠርታ፣ ጊዜው የጎርፍ ነው፣ ልጅቱም ቀርባለች፣ እዚሁ ትውለድ፤ እንደ እናቷ ሆኜ አርሳታለሁ አለችው። አባባ መሬት መሬቱን እያየ፣ «እናቷ መደብ ሠርታ ትጠብቃታለች» ነው ያላት። ሴትየዋም የእማን ነገር ሰምታ ኖሯል። ቅቤ በቅል ሞልታ ሰጠችን፤ ሽማግሌዎች ዱዓ አደረጉልን፤ አሚናትን ጭዱ ላይ ጋቢ አንጥፈን አስተኛናት። ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አደረግሁላት። ስንነሣ ቀትር አልፎ ነበር።

ከእኛ በላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው። የራያ ሰው ግን የራሱን ሰማይ አያምንም። የጎሊና ጎርፍ የሚመጣው ከሌላ ሰው ዝናብ ነው፤ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ደጋው ቀና ስትል የተራራው አናት ጠቁሮ እንደሆነ እዚህ አቧራ ላይ ቆመህ ውኃ ይመጣብሃል። ያን ቀንም ጠቁሮ ነበር። አጎቴ ሰይድም አይቶታል፤ አባባም አይቶታል።

ወንዙ መካከል ስንደርስ ዳልቻ ቆመች።

አጎቴ ነዳጁን ሲረግጥ የግራዎቹ፣ አሮጌዎቹ ጎማዎች፣ ይሽከረከራሉ፤ አሸዋውን ወደ ኋላ ይረጫሉ፤ እየቆፈሩ ይገባሉ። የቀኞቹ፣ አዲሶቹ፣ ዝም ብለው ቆመዋል። ጥርሳቸው አንዲት አሸዋ እንኳ አልጫረም። አጎቴ ወርዶ አየና ወደ አባባ ዞረ። ያኔ አንድ ነገር ይለዋል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሱ ግን ተንበርክኮ አሸዋውን በእጁ መጫር ጀመረ። አባባም ወርዶ ተቀመጠና ትክ ብሎ ያየው ጀመር። ነባሩ በከንቱ ይለፋል፤ ወይፈኑ እንደ እንግዳ ቆሞ ያያል። አባባ ከዚያ በፊት እንዲያ ሆኖ አላየሁትም፤ ጥምጣሙን ፈትቶ ከግራው ጎማ ሥር አደረገው። ጎማው ጥምጣሙን ጎትቶ ዋጠው።

አሚናት ያን ጊዜ እጄን ጨበጠችኝ። «ዘሀራ፣ ወገቤን» አለች። ልጅ ነኝ፤ ግን ገባኝ።

አላህ አይተወንም፤ ከወንዙ ዳር ጎርፍ የሚጠብቁ ገበሬዎች ነበሩ። እኛ የምንሸሸውን ጎርፍ እነሱ በጉጉት ነው የሚጠብቁት፤ ወደ ማሳቸው ሊጠልፉት በሬ ጠምደው አፈር እየከመሩ ነበር። የመኪናውን ጩኸት ሰምተው በሬዎቻቸውን እየነዱ መጡ። ገመድ አመጡና ከዳልቻ አፍንጫ ላይ አሰሩ። አንዱ ጎረምሳ አባባን ያውቀዋል መሰለኝ፣ «አያ ሐሰን፣ ይቺ በሬህ ጋዝ እየጠጣች ነው የማትስበው?» አለ። ሰው ሳቀ። አባባ ግን አሚናትን እያቀፈ አወረዳት፤ እኔ በአንድ ጎን፣ እሱ በአንድ ጎን ሆነን በአሸዋው ላይ ስናስኬዳት በየጥቂቱ ትቆማለች፤ ትተነፍሳለች፤ እንደገና እንሄዳለን። ከኋላችን በሬዎቹን «ና፣ ና» የሚሉበት ድምፅ ይሰማኛል። ዳልቻ ወጥታ እኛም በቤታችን በኩል ካለው ዳር እንደደረስን መጀመሪያ የእርጥብ አፈር ሽታ መጣ፤ ቀጥሎ ከሩቅ ወፍጮ የሚፈጭ የሚመስል ድምፅ፤ ቀጥሎ ራሱ መጣ። ቀይ ነው፤ ግንድ ይዟል፤ እኛ አሸዋ ይዞን የነበረበትን ቦታ ሸፍኖት አለፈ። ገበሬዎቹ ወደ ማሳቸው ሮጡ፤ የዓመት ቀለባቸው ነው የመጣው።

አሚናትን መልሰን ከመኪናው ውስጥ አስተኛናት። አጎቴ ሰይድ ሞተሩን ሲያስነሣ ግን «አይሆንም፣ አትነቅንቀኝ» አለችው። አጠፋው። ቤታችን ገና ሩቅ ነው። አባባ ከመኪናው ጀርባ ቆሞ ጥምጣም በሌለው ራሱ ላይ እጁን አደረገ። ምን ያስብ እንደነበር አውቃለሁ፤ የእማን መደብ ነው ያሰበው።

እማ ግን መደቡ ጋ አልነበረችም። ጠዋት ደጋው ሲጠቁር አይታ፣ አንዲት አዋላጅ ጎረቤት አስከትላ በእግሯ ወጥታ ኖሯል። ከማሽላው መካከል ብቅ ስትል ነጠላዋ ወገቧ ላይ ታስሯል፣ እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። አባባን ቀና ብላ አላየችውም። ቀጥታ ወደ መኪናው ገባችና የልጇን ራስ ከእኔ ጭን ተቀበለች።

አሚናት ስታያት ምጡን እስክትረሳው አለቀሰች። «እማ፣ ቤት አልደረስኩም» አለቻት። «ቤት አልደረስኩም።»

እማ ዙሪያዋን አየች። የዳልቻን ጣራ፣ ጭዱን፣ የቅቤውን ቅል አየች። ቀጥላም የመኪናውን ጎን በመዳፏ እንደዚያ መደብ ዳበሰችው። «ይቺ የማን ናት?» አለች። «የአባትሽ አይደለችም? በቤትሽ ነሽ። በይ ልጄ፣ በቤትሽ ነሽ።»

ወንዶቹ ፊታቸውን ወደ ጎርፉ አዞሩ። ፀሐይ ሳትጠልቅ አንዲት ሴት ልጅ ተወለደች፤ ድምፅዋ ከጎርፉ ድምፅ በላይ ነበር። እማ ሐያት አለቻት። አባባ እልልታውን ሲሰማ ግንባሩን የመኪናው በር ላይ አስደግፎ ቆየ፤ አጎቴ ሰይድም አጠገቡ ሄዶ የራሱን ጥምጣም ፈትቶ ጭንቅላቱ ላይ አደረገለት።

ማታ ቀስ ብለን ቤት ገባን። በማግሥቱ አባባ አጎቴ ሰይድን ሳይጠራ ተነሥቶ ቡሎኑን ሲፈታ አገኘነው። አጎቴም አገዘውና ሁለቱንም አዲሶች ከኋላ አደረጉ። ሰው ግን ዝም ብሎ አይተውም፤ «አያ ሐሰን፣ ዘንድሮ ጎማ ጠምደሃል ወይ?» እያሉ ገበያ ላይ ዓመታት ቀለዱበት። አባባም ቀስ በቀስ አብሯቸው መሳቅ ጀመረ። አንድ ቀን ግን ለእኔ ብቻ እንዲህ አለኝ፦ «ነባሩ ወይፈኑን የሚያስተምረው አንድ ቀንበር ሥር ስላሉ ነው፤ አንዱ ሲለፋ ሌላው አንገቱ ላይ ይሰማዋል። እነዚህ ግን ቀንበር የላቸውም። አንዱ ሲወድቅ ሌላው አይሰማውም።»

ይኼን ስንት ጊዜ አስቤዋለሁ መሰላችሁ። አባባ ሞኝ አልነበረም። የማያውቀው ነገር ሲገጥመው የሚያውቀውን ይዞ ሄደ፤ ሌላ ምን ይዞ ይሂድ? እኔም በዚህ ዕድሜዬ ስልኩም፣ ባንኩም፣ ሐኪም ቤቱም እንዲያ ነው የሚሆንብኝ፤ የማውቀውን ይዤ እገባለሁ፣ አንዳንዴ ይሠራልኛል፣ አንዳንዴ አሸዋ ውስጥ ያስቀረኛል። ያን ጊዜ ደግሞ በሬ ያለው ሰው እንዳይጠፋ ነው ዱዓዬ።

ያሲን በመጨረሻ አራቱንም አስቀየረ። ልሞክራቸው ብሎ ወደ ጎሊና ሲነዳ ይኼን ሁሉ ነገርኩት። ዛሬ መሸጋገሪያው ድልድይ ነው፤ መሐሉ ላይ አቆመና ወደ ታች አየን። አሸዋ ብቻ ነው፤ ሁለት ሰዎች አሸዋ ይጭናሉ። የቱ ጋ ነበር አለኝ። ወንዙ በየክረምቱ መሄጃውን ስለሚቀይር ቦታው የለም፤ እኔም ዓይኔ ደከመ፤ ዝም ብዬ በእጄ ወደዚያ አልኩት። ያሲንም፣

«ስለዚህ አክስቴ ሐያት መንገድ ላይ ነው የተወለደችው በይኛ» ብሎ ሳቀ።

«ምን በወጣት» አልኩት። «ቤቷ ነው የተወለደችው።»